በመተማ የወጣው ካልኩለስ

መተማ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ይሄዳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያ ነው፤ የድንበሯ ከተማም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት መተማ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩ ወጣቶች ትምህርታቸውን አቋርጠው በሌሊት የተሻገሩበት መተማ ነው። ያ ስደት ሲተረክ የምንሰማው ስለ ፓርቲዎቹ፣ ስለ ግድያውና ስለ እስሩ ነው። የተቋረጠው ትምህርት ራሱ ምን ሆነ? የት ቆመ? እንደገናስ ማን አስቀጠለው? ይህን የጠየቀ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

እንድጠይቅ ያደረገኝ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሉዊስ ሌይትሆልድ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን የካልኩለስ መጽሐፍ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንስ የተማሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። እጄ የገባው ቅጂ ግን የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። ባለቤቱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የታሪክ መምህር ለሆነ የእህታቸው ልጅ የካልኩለስ መጽሐፍ ለምን እንደሰጡት ስጠይቃቸው፣ «ታሪክ አይደል የምታስተምረው? ይኼ የእኔ ታሪክ ነው» ብለው ሳቁ። ጽሑፉን ከእሳቸው ብጀምር አንባብያን ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለኝ።

ጋሼ በ1967 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። እንደሚታወቀው በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 12 ቀን የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበተኑ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለሁለት ዓመት ያህል መደበኛ ትምህርት አቆመ። ስለ ዘመቻው መልካምም ክፉም ማለት ይቻላል። ፊደል የቆጠሩ ገበሬዎች ነበሩ፣ የመሬት ይዞታ አዋጁም በዘማቾቹ እጅ ነው ገጠር የደረሰው። ስለ ሌላው ወገን ግን ከጋሼ አፍ የሰማሁትን ልናገር። «ደብተሬን ስጥል ደስ እያለኝ ነው የጣልኩት» ይላሉ። «ሒሳብ የቡርዣ ትምህርት ነው የሚል ጓደኛ ነበረኝ። እኔም ተስማማሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እኩልታ አልፈታሁም።» ያን ትውልድ የምናከብር ሰዎች ይህንም መስማት ይገባናል። ትምህርቱን መጀመሪያ ያቋረጠው መንግሥት ቢሆንም፣ ልጆቹም በገዛ እጃቸው አግዘውታል።

በ1969 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው፣ አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ እንደገና ሲከፈት ጋሼ ሳይንስ ፋኩልቲ ገቡ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ ጀመሩ፤ ሊሚት ተማሩ፣ ደሪቫቲቭ ተማሩ። ማለትም አንድ ነገር በአንዲት ቅጽበት ምን ያህል እየፈጠነ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ፣ አንድ ኩርባ መስመር በአንዲት ነጥብ ላይ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚለካበትን ዘዴ ለመዱ። ቀጥሎ የሚመጣው ኢንተግራል ነበር። መምህሩ እንደ ተጎተተ እባብ ያለችውን ምልክት ሰሌዳው ላይ ጽፈው «በሚቀጥለው ጊዜ» ማለታቸውን ጋሼ እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ወደ ክፍል አልተመለሱም። ያ «የሚቀጥለው ጊዜ» የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በሌላ አህጉር።

ጎንደርም መሸሸጊያ አልሆነም። በመላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን የጎንደር እናቶች ያዩትን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ ልጅ ያልተቀበረበትን ቤት መፈለግ ይቀላል። የቆላው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ይዞ ቆይቶ የመንግሥት ጦርና ሚሊሺያ መልሶ ያዛቸው። ከአሲምባ የወጣው የኢሕአፓ ሠራዊትም በኋላ ወደ ጎንደር ቆላዎች ነው የዞረው። በሦስት ወገን በታጠቀ አገር ውስጥ ያልታጠቀ ተማሪ እንዴት ያልፋል?

ያለፈው በሰሊጥ ነው። ሰሊጥ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ቢዘገይ ቅርፊቱ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ስለሚረግፍ የሰው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ በዚያ ወቅት የሚወርደው ሕዝብ ብዙ ነው። ደጋ እየኖሩ ቆላ ወርደው የሚያርሱትን አገሬው ሞፈር ዘመት ይላቸዋል፤ በጉልበቱ ለማደር የሚመጣውን ወቅታዊ ሠራተኛ ደግሞ ሳሉግ ይለዋል። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ጋሼ ማጭድ ይዘው፣ ሸበጥ አጥልቀው፣ ከጭልጋ ቆላ ከወረዱ ሳሉጎች ጋር ተቀላቀሉ። ከሸህዲ (ዛሬ ገንዳ ውሃ ከምንላት) እልፍ ብሎ አንድ እርሻ ላይ ሰባት ቀን አጨዱ። እጃቸው የተማሪ እጅ ስለነበር በሁለተኛው ቀን ደም አለበሰ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ አይተዋቸው «አንተ ልጅ፣ ማጭዱን የያዝከው እንደ ብዕር ነው» አሏቸው። ሰውየው ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ በስምንተኛው ሌሊት ግን ከከተማው ራቅ ያለውን መሻገሪያ ያሳዩአቸው እሳቸው ናቸው።

ገዳሪፍ ላይ አራት ዓመት ተቀመጡ። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ከተማ ነው፤ መተማ ላይ ያጨዱትን ሰሊጥ ገዳሪፍ ላይ በጆንያ ተሸከሙት። በዚያ ዘመን በምሥራቅ ሱዳን የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞች በመቶ ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ተዋዋ፣ ኡም ራኩባ የሚባሉ ሰፈሮችና ካምፖች ስማቸው ከእኛ ታሪክ ጋር የተጣበቀው ያኔ ነው። (ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ያለቁበት ካምፕ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። የአንድ ካምፕ ስም በሁለት ትውልድ ስደት ውስጥ ሲደገም የታሪክ መምህር ምን ብሎ ያስተምር?) ጋሼ በእነዚያ አራት ዓመታት ስለ ሒሳብ ምን አስበው እንደነበር ጠይቄአቸዋለሁ። «የተሸከምኩትን ጆንያ እቆጥር ነበር» ነው መልሳቸው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። በዚያ ሕግ መሠረት ከሱዳን ካምፖችና ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። ጋሼ በ1974 ዓ.ም. ዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ደረሱ፤ ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጡ ጀመር። የዋሽንግተን ፓርኪንጎች በዚያ ዘመን በኢትዮጵያውያን የተያዙ እንደነበሩ እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ዲግሪ የጀመሩ፣ ዲግሪ የጨረሱ፣ አንዳንዴም ያስተማሩ ሰዎች ከጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆነው ሳንቲም ይመልሱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም እኛ አገር ስሙ እንጂ ነገሩ አይታወቅም። የመጀመሪያው የሕዝብ ጁኒየር ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት ጆሊየት በምትባል ከተማ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በርካሽ፣ በቅርብ፣ ለሠራተኛውም በሚመች ሰዓት መስጠት። ዛፉ ግን የገዘፈው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ ፈቀደ፤ በ1947 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እነዚህ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ መከረ። «ኮሚኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ስም ያስለመደውም ይኸው ኮሚሽን ነው። ልብ በሉ፤ ተቋሙን ያሳደገው ትምህርቱ የተቋረጠበት ሰው ነው። በሃያ ዓመቱ መማሪያ ክፍል ውስጥ መሆን ሲገባው ምሽግ ውስጥ የነበረ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ክፍልፋይ መደመር የረሳ ሰው። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያዊ ያልተማረበት የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ካምፓስ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ነው የተከፈተው። ከወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ በ1946፣ ልክ ወታደሮቹ ሲመለሱ ነው የተመሠረተው።

ጋሼ ከእነዚህ መሰል ኮሌጆች ወደ አንዱ የሄዱት ካልኩለስ ለመቀጠል ነበር። ትራንስክሪፕት የላቸውም፤ ከአዲስ አበባ ማስላክ የሚሞከር አይደለም። ኮሌጁም አልጠየቃቸውም። የደረጃ መለያ ፈተና አስቀመጣቸውና ውጤቱ ሲመጣ ካልኩለስ ሳይሆን አልጀብራ ላይ መደባቸው። ያውም ከታች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበርኩ ሰው ብለው ተቆጡ፣ አማካሪዋን ተከራከሩ። ሴትየዋ በትሕትና የፈተናውን ወረቀት አውጥታ አሳየቻቸው፤ ክፍልፋይ ሲያካፍሉ ተሳስተዋል። «አፈርኩ» ይላሉ ጋሼ፤ «ግን አልባረረችኝም። አልቻልክም ሳይሆን፣ እዚህ ጋ ነው ያለኸው፣ ከዚህ ጀምር ነው ያለችኝ።» አጠገባቸው የቬትናም ስደተኛ፣ ከባሕር ኃይል የተሰናበተ ጥቁር አሜሪካዊና ልጆቿን ያሳደገች የአምሳ ዓመት እመቤት ተቀምጠው ነበር። አልጀብራ፣ ከዚያ ትሪጎኖሜትሪ፣ ከዚያ ካልኩለስ አንድ። ደሪቫቲቭ ላይ ሲደርሱ አብዛኛውን ያውቁት ነበር። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ ከሥራ መልስ በምሽት ክፍል፣ አንዲት መምህርት ያችን የተጎተተች ምልክት ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

እኔ ራሴ ኢንተግራል ምን እንደሆነ የተረዳሁት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጋሼ ለሚሊኒየሙ አገራቸው ሲመጡ መተማን ማየት ስለፈለጉ አብሬአቸው ወረድኩ። ከጎንደር በአይከል አድርገን፣ ደጋው በድንገት ሲያልቅና ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታችን ላይ ሲመታን ጋሼ ዝም አሉ። ያጨዱበትን እርሻ ፈልገው አጡት፤ ደኑ ተመንጥሮ ሁሉም እርሻ ሆኗል። ጓንግ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ሳለ እንጨት አነሡና አሸዋው ላይ ሣሉልኝ። አንድ እርሻ ነው፤ በአንድ በኩል ድንበሩ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሌላው በኩል ግን እንደ ፈለገው የሚጠማዘዘው ወንዝ። «ስፋቱ ስንት ነው?» አሉኝ። አራት ማዕዘን ቢሆን ርዝመቱን በወርዱ አባዛ ነበር፤ ወንዙ ግን አራት ማዕዘን አያውቅም። ጋሼ እርሻውን ከመንገዱ ወደ ወንዙ በሚሄዱ ቀጫጭን ቁርጥራጮች ሸነሸኑት። እያንዳንዱ ቁራጭ አራት ማዕዘን ነው ለማለት ይቀርባል፤ ስፋቱን ማስላት ይቻላል፤ ሁሉንም ደምር። ወንዙ ጋ ጥቂት ትርፍ ወይም ጉድለት ይኖራል። ቁርጥራጮቹን ይበልጥ ስታቀጥናቸው ስሕተቱ ያንሳል፤ ያለ ገደብ ስታቀጥናቸው ድምሩ ወደ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ይጠጋል። ያ ቁጥር ኢንተግራል ነው።

«ይኼን ያህል ብቻ ቢሆን ልፋት ነው» አሉ ቀጥለው። «ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚሊዮን ቁርጥራጮችን ድምር አንድ በአንድ ሳትደምር ታገኘዋለህ፤ ደሪቫቲቩን ወደ ኋላ በመመለስ። አዲስ አበባ የተማርኩት ቁልቁለት መለካት ነበር፤ ቨርጂኒያ የተማርኩት ስፋት መለካት ነው። አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ መሆኑን ያየሁ ዕለት ማታ በአውቶቡስ ስሄድ መውረጃዬን አለፍኩት።» የሒሳብ ሰዎች ይህን የካልኩለስ መሠረታዊ ቲዎረም ይሉታል። ኒውተንና ላይብኒትዝ በ17ኛው መቶ ዘመን በየፊናቸው ደርሰውበታል፤ ማን ቀደመ በሚለው ጠብም ዕድሜአቸውን ፈጅተዋል። ቀጫጭን ቁርጥራጮችን የመደመሩ ዘዴ ግን ከእነሱ በፊት ረጅም ዕድሜ አለው። ከአርኪሜደስ ጀምሮ ነበር፤ በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ የኖረው ኢብን አልሃይሠምም በዚያው መንገድ የጠማማ ቅርጾችን ይዘት አስልቷል። ይህ ሰው ወደ ካይሮ የሄደው የዓባይን ጎርፍ ለመቆጣጠር ነው ይባላል። ጓንግ አትባራ ሆኖ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነውና፣ ጋሼ እርሻቸውን የሣሉበት ውኃ ወደዚያው ነበር የሚሄደው።

ስለዚያች ምልክትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርእሴ ብዙ አያወጣኝም። ምልክቷን ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1675 ሲጽፋት ድምር ለሚለው የላቲን ቃል የመጀመሪያ ፊደል የሆነችውን ኤስን ጎትቶ ነው ያረዘማት። ይኸው ላይብኒትዝ ስለ ቋንቋዎች ብዙ ደብዳቤ ይጻጻፍ ከነበራቸው ሊቃውንት አንዱ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ጀርመናዊ። ሉዶልፍን አማርኛና ስለ አገራችን ያስተማረው ደግሞ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነው፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን ከተባረሩት ኢየሱሳውያን ጋር አገሩን ጥሎ የወጣ ስደተኛ። ወደ አገሩ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1658 ባሕር ላይ መርከብ ሰጥማ ሞተ። የካልኩለስን ምልክት ከፈለሰፈው ሰው ጠረጴዛ እስከ አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ያለው ርቀት አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው በጣም ነው የተደሰቱት።

ጋሼ ከኮሚኒቲ ኮሌጁ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የውኃ መሐንዲስ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት የሌላ አገር ቧንቧ ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር አሜሪካን የሚያወድስ ይመስላልና ጥርጣሬ እንዳይኖር ልናገር። ከጋሼ ጋር ጆንያ ከተሸከሙት ብዙዎቹ ገዳሪፍ ቀርተዋል፤ ከፓርኪንጉ ወጥተው ክፍል ያልገቡም ሞልተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሒሳቡን የጀመሩት እዚህ ነው፤ መምህራቸው እዚህ ነበሩ፤ መጽሐፉም እዚህ ነበር። ያቋረጡትን የሚቀጥሉበት በር ብቻ ነው እዚህ ያልነበረው።

ፈጽሞ አልነበረም ማለቴ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የማታው የኤክስቴንሽን ትምህርት ለጸሐፊው፣ ለአስተማሪውና ለመኮንኑ እንዲህ ያለ በር ነበር፤ ከሥራ ወጥተው በማታ ዲግሪ የያዙ የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም አሉ። ያ ግን በአብዛኛው ለአዲስ አበባ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪካችን በአብዛኛው የማቋረጥ ታሪክ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ሲል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወታደርነት ወደ ብላቴ አጋዘ፤ ብዙዎቹ ሥርዓቱ ሲፈርስ ወደ ኬንያ ሸሹ። በዚያው ዓመት የተበተነው የደርግ ሠራዊት ግማሽ ሚሊዮን ይገመት ነበር፤ ከትምህርት ቤት በብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ወጣት ውስጡ አለ። አሜሪካ እንዲህ ያለ ወጣት ሲመለስላት ኮሌጅ ከፈተችለት፤ እኛ ከነስድቡ ሸኘነው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጥይት ሲበተኑ እንደገና ወደ ጎረቤት አገር የተሻገሩ ነበሩ። የ2013ቱ ጦርነት የዘጋቸውን ትምህርት ቤቶች፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት ከክፍል ውጭ የሆኑትን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች አንባቢ ያውቃል።

በእነዚህ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ አላሠራንም አይባልም፤ ከሁለት ተነሥተን ከአርባ በላይ አድርሰናል። ግን የሁሉም መግቢያ አንድ ፈተና ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ ካልኩለስ ከፍሬሽማን ወደ መሰናዶ ወረደ፤ የመጀመሪያ ዓመቱ የፍሬሽማን ትምህርት በ1996 ዓ.ም. ተሰረዘ፣ በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። በዚያ መሀል ኢንተግራል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አምስተኛ ምዕራፍ ሆነ። አስተማሪ ያልኋችሁ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይደረስም፤ ግንቦት ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ መምህሩ ይዛወራል። የግል ኮሌጅ ቢባል አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ነርሲንግ ነው፤ ተማሪ ከፍሎ ካልኩለስ የሚማርበትን አላየሁም። የቴክኒክና ሙያው ማሠልጠኛ የራሱ ጥቅም አለው፤ ግን ከዚያ ወደ ምህንድስና የሚያሻግር ድልድይ ጠባብ ነው። በግል ተፈትኖ ውጤት ማሻሻል ይቻላል እንጂ፣ ለዚያ ፈተና የሚያዘጋጅ የምሽት ክፍል እንደ ልብ አይገኝም።

በጥር 2015 ዓ.ም. የ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጥ፣ ከ900 ሺህ ጥቂት ከሚያንሱት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ፈተናው ከስርቆት መጽዳቱን እደግፋለሁ፤ ቁጥሩ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን እውነት ነው የተናገረው። ውጤቱን ያስታወቁት የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው በዚያው የ1969 ትውልድ ትምህርት አቋርጠው፣ አሲምባ ወጥተው፣ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ በኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የቀጠሉ ሰው ናቸው። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። በሩን በራሳቸው እግር የረገጡት ሰው ከማንም በላይ ያውቁታል ብዬ ነው። ለማለፊያው ለቀረቡት የአንድ ዓመት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ሪሚዲያል የምንለው፣ ተከፍቷል፤ መልካም ጅምር ነው። ሪሚዲያል ግን ለዘንድሮ ተፈታኝ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከእርሻ ለሚመለሰው አይደለም።

ያንን ፈተና ከፈተኑት መምህራን አንዱ ነበርኩ። ከመተማ ወረዳ የመጣ አንድ ልጅ ከፈተናው በኋላ ግቢ ውስጥ አገኘኝና የሒሳቡን ጥያቄ እንዳብራራለት ጠየቀኝ፤ የታሪክ መምህር ነኝ ብዬ አሳቅኩት። ስልክ ተለዋወጥን። ውጤቱ ሲመጣ ግማሹን አላመጣም፤ ለሪሚዲያሉም አልደረሰም። በምዕራብ ጎንደር ዞን ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ያለው ሰሊጥ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ወደ መተማ ስወርድ ኮኪት ላይ አገኘሁት፤ ለክረምቱ ዘር መሬት ይመነጥራል። የሱዳኑ ጦርነት ከተጀመረ ገና ወር አልሞላውም፤ በገላባት በኩል የሚሻገረው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ከካርቱም የመጣ አንድ የምህንድስና ተማሪ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ፣ እዚህ ትምህርቴን የምቀጥልበት ዩኒቨርሲቲ አለ ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ምን እንደምነግረው አላወቅሁም። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ጋሼ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሻገሩ ገዳሪፍ ላይ ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሰው ይኖር እንደሆን አልነገሩኝም።

የጋሼን መጽሐፍ በዚያ ጉዞ ይዤው ነበር፤ ለኮኪቱ ልጅ ሰጠሁት። በሐምሌ መጨረሻ ውጊያው ተነሣ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ከጎንደር መተማ ያለው መንገድ ደግሞ በአፈናው የተነሣ ሰው የሚፈራው መንገድ ሆነ። ልጁን ለረጅም ጊዜ ማግኘት አልቻልኩም። ጋሼ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ነው። «መጽሐፉስ?» አይሉም፤ «የት ደረሰ?» ነው የሚሉት።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ደወለ። ሰሊጥ አጨዳ ጨርሰው ነበር። መጽሐፉ እናቱ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጦ እንደነበር፣ ሥራ በሌለ ጊዜ እያወጣ እንደሚሠራበት ነገረኝ። ከአልጀብራው ክለሳ ጀምሮ ኢንተግራል ላይ ደርሷል፤ ክፍል በክፍል የሚባለውን ዘዴ እየሞከረ ነው። አንድ ችግር ግን አለበት። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ያሉት መልሶች የኢተጋማሽ ቁጥር ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት የሚሉትን ትክክል ይሥራ አይሥራ ማወቂያ የለውም። እየጻፈ ቢልክልኝ አሳይለት እንደሆነ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። በማግስቱ አምስት ገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሊልክልኝ ሞክሮ ኔትወርኩ ሦስቱን አሳለፈው። ወደ ሒሳብ ትምህርት ክፍል ይዣቸው ሄድኩ፤ አንድ ባልደረባዬ ቆሞ አያቸውና አራተኛው ላይ የመቀነስ ምልክት ረስቷል አለኝ።